ፊደል መዝፈን ማንበብ አይደለም

አንድ ልጅ ማንበብ ቻለ የሚባለው መቼ ነው? ለብዙ ወላጅና ለብዙ መዋዕለ ሕፃናት መልሱ አንድ ነው፦ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይደናቀፍ ሲወጣው። በምረቃው ቀን ቆብና ጋዋን ለብሶ መድረክ ላይ ያወርደዋል፣ ቤተሰብ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል። እኛ ግን ይሄ ዘፈን እንጂ ንባብ አይደለም ባዮች ነን።

እስቲ ያንኑ ልጅ ከመሃል «ጤ»ን ነጥላችሁ አሳዩት። «ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ...» እያለ ከመነሻው ዘምሮ ከደረሰበት፣ የሚያውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። በዚህ ስሌት «ጤና» የሚለውን ቃል ለማንበብ ሁለት ዘፈን መዝፈን አለበት።

የሚገርመው የኔታ ይህን በሽታ ድሮ ነቅተውበታል። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ሀሁ ስለጨረሰ ብቻ ዳዊት አይሰጠውም። አቡጊዳ አለ፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያለ ተራውን የሚያዘበራርቀው፣ ልጁ በዜማ ሸምድዶ እንዳያመልጥ ነው። ከዚያም ቃሉን ፊደል በፊደል ነጥሎ ይቆጥራል። ዘመናዊ ነን ባዮቹ ዜማውን ወረሱ፤ ማጣሪያውን ጣሉት!

ፈረንጆች ፎኒክስ የሚሉት፣ ድምፅን ከምልክቱ ጋር እያያያዙ ማስተማር፣ ለእኛ ፊደል እንግዳ አይደለም። 33ቱን በ7 አባዝቶ 231 የተለያዩ ሥዕሎች ማስሸምደድ ምን አመጣው? «ቡ፣ ሱ፣ ኩ፣ ዙ» ጎን ለጎን ቢቀመጡለት ልጁ የካዕብን ምልክት በራሱ ዓይን ያገኘዋል። «ቤ፣ ሴ፣ ኬ፣ ዜ» ሲያይ ቀለበቷን ይለያታል። እንደ «ሩ» ያሉ አፈንጋጮች ቆይተው ይመጣሉ። ጥቂት ፊደል እንደያዘ ደግሞ ወዲያው «ቤት»፣ «ላም»፣ «ሰማ» ብሎ ያንብብ። ገበታው እስኪያልቅ አንዲት ቃል ሳያነብ የሚከርምበት ምክንያት የለም።

ድምፅ ብቻውን ይበቃል አላልንም። «አማርኛ እንደተጻፈ ይነበባል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ለማለት ነው? መጥበቅ መላላቱን ፊደሉ አይነግረንም፤ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ የገባው ልጅ ነው። ስለዚህ ተረትም፣ ጨዋታም፣ መጽሐፍም ያስፈልገዋል።

ይህ የቅንጦት ክርክር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰባት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አዳዲስ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ መምህራን ሠለጠኑ። ሆኖም የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት፣ በ10 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ካሉ ልጆች ከ10ሩ 9ኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉት ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ተንጫጫ። ወደ 1ኛ ክፍል ዞሮ ያየ ግን ስንቱ ነው?

«እኛም በዚሁ ተምረን አንብበናል» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፤ ቤታችን ጣታችንን ይዞ የሚያስቆጥረን አባት ወይም ታላቅ እህት የነበረን አንብበናል። ያልነበራቸው የክፍል ጓደኞቻችን ይህን ጽሑፍ አያነቡትምና መጥተው ሊሞግቱን አይችሉም።

በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ብቻዋን የምትታገለውን መምህርት አንወቅስም፤ የተሰጣት ገበታና ዱላ ነው። ወላጆች ግን ሒሳብ የሚከፍሉ ሰዎች ናችሁ። ትምህርት ቤት ስትመርጡ «እንግሊዝኛ ከስንት ዓመት ይጀምራል?» ከማለታችሁ በፊት «ልጄ አይቶት የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ምን እንዲያደርግ ታስተምሩታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «በቃሉ ይይዘዋል» ከሆነ፣ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ይዛችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።