እንቅልፍ የነሣነው ነጂ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽን ሳይረግጥ አያልፍም። አዋሽ የመንገድ ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ በደረሰው በምድር ባቡር ሐዲድ ላይ የተመሠረተች ናትና። ዛሬም ጐዳናው በዚያ አካባቢ ይከፈላል። አንደኛው ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ያቀናል፤ ሁለተኛው የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሠመራ፣ ከዚያም በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። ከባሕር ማዶ ለአገራችን የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በነዚህ ጐዳናዎችና በሐዲዱ ላይ ነው። ስለዚህም በየቤታችን ከምንበላውና ከምንለብሰው ብዙው፣ ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ የአንድ ሰው ዓይን ውጤት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በዚህ ወርም ከአንባብያን ጋራ ልንመረምረው የወደድነው ስለዚሁ ዓይን ነው፤ ይኸውም መቼ እንደሚያርፍና ዕረፍት ሲያጣ ምን እንደሚያስከትል ነው።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ. ም. ዕለቱ እሑድ፣ ጥምቀት ሊገባም 6 ቀን ብቻ የቀረው ነበር። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ መንገደኞችን ጭኖ ይመጣ የነበረው ባቡር በአዋሽ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ሲደርስ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ወደ ገደል ወደቁ። 428 ሰዎች ሞቱ፤ 500 ያህልም ቆሰሉ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች መካከል እጅግ ከከፉት አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። በጊዜው ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት፣ ነጂው በመታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም የሚል ነበር።

በአንዲት ቅጽበት የአንድ ሰው እጅ የሚሠራው ሥራ የብዙ መቶ ሰዎችን ዕድሜ ሊወስን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ነገር ግን እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ጊዜ ሁላችንም ጣታችንን በነጂው ላይ ቀስረን ወደየቤታችን ብንመለስ፣ ትምህርቱን በግማሽ ትተነው መሄዳችን ነው። ፍጥነትን በወቅቱ አለመቀነስ ሁልጊዜ ከድፍረት ወይም ከቸልተኝነት ብቻ የሚመጣ አይደለምና። ይህንንም በሌሎች አገሮች የደረሱ ሁለት አደጋዎች በግልጥ ያሳዩናል።

የመጀመሪያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 2013 በኒው ዮርክ ከተማ የደረሰው ነው። ማለዳ ላይ መንገደኞችን ወደ ከተማዪቱ ያመጣ የነበረ ባቡር፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሄድበት በተፈቀደው መታጠፊያ ላይ በ132 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ 4 ሰዎችም ሞቱ። ምርመራው ሲፈጸም ነጂው እንቅልፍ ይዞት እንደ ነበር ታወቀ። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን የሚያቋርጥ ያልታወቀ ሕመም ነበረበት፤ በዚያ ላይ የሥራ ተራው ከከሰዓት በኋላ ወደ ማለዳ የተዛወረው ከ2 ሳምንት በፊት ነበር። ሰውየው ሰካራም ወይም ወንጀለኛ አልነበረም፤ የሚያስተኛው ሕመም ሳይመረመር፣ ሰውነቱም አዲሱን ሰዓት ሳይለምድ በመሪ ቦታ የተቀመጠ ሠራተኛ ነበር።

ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1988 ዓ. ም. በለንደን ከተማ፣ ክላፓም በተባለው የሐዲድ መጋጠሚያ የደረሰው ነው። በዚህ አደጋ ያጠፋው ነጂው አልነበረም። የምልክት መብራቶችን ሽቦ ይጠግን የነበረ አንድ ሠራተኛ፣ ሊወገድ የሚገባውን አሮጌ ሽቦ ሳያስወግድ ተወው፤ በዚህም ምክንያት ቀይ ሊሆን የሚገባው መብራት ቀይ ሳይሆን ቀረ። በሥራ ሰዎች የተሞላው ባቡርም ከፊቱ ቆሞ ከነበረው ሌላ ባቡር ጋራ ተጋጭቶ 35 ሰዎች ሞቱ። ሠራተኛው ከዚያ ስሕተት በፊት በነበሩት 13 ሳምንታት ያረፈው አንዲት ቀን ብቻ እንደ ነበር በምርመራው ተረጋገጠ። ከዚህ በኋላ የአገሩ የባቡር ሠራተኞች በአንድ ተራ ከ12 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚል ወሰን ተደነገገ። ወሰኑ ግን ከ35 መቃብር በኋላ የመጣ ነው።

የድካም ክፋቱ ራሱን መደበቁ ነው። የተራበ ሰው መራቡን ያውቃል፤ የተጠማም መጠማቱን ያውቃል፤ የደከመ ሰው ግን መድከሙን በትክክል ሊመዝን አይችልም፤ ሚዛኑ ራሱ ደክሟልና። ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት ለ17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው የአእምሮው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋራ ይመሳሰላል። የሰው ተፈጥሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበልጥ ወደ እንቅልፍ ያዘነብላል፤ ከቀትር በኋላም እንዲሁ ጥቂት ይዝላል። በዚህ ጊዜ ዓይን ሳይከደን እንኳ አእምሮ ለጥቂት ሴኮንድ ሊያንቀላፋ ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሴኮንድ ውስጥ 89 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ በዚያ ርቀት ውስጥ ግመል የሚያሻግር እረኛ፣ ወይም ፍሬኑ ተበላሽቶ የቆመ መኪና ቢኖር ምን እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ያስበው።

ወደ አገራችን ጐዳና እንመለስ። ከአዋሽ እስከ ሠመራ ያለው ቈላ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የከባድ መኪና ነጂ ቀን በመኪናው ጥላ ሥር ጋደም ቢል ሙቀቱ አያስተኛውም፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝለት ደግሞ መንገዱ ይጠራዋል። እንቅልፉን ለማባረር ጫት የሚቅም አለ፤ ዳሩ ግን ጫት የእንቅልፍን ዕዳ አይከፍልም፤ ባለዕዳው ዕዳውን እንዳያይ ዓይኑን ይሸፍንበታል እንጂ። ዕዳው በተጠየቀ ጊዜም ከፋዩ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ በመንገድ ዳር የሚሄደው ሕፃን፣ ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ፣ አባቷን የምትጠብቀው ልጅ ናቸው።

ይህን ነጂ እንቅልፍ የነሣው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ አንድ ሰው አይደለም። ክፍያን በምልልስ ብዛት ብቻ የሚቈጥር ባለንብረት አለበት። ዕቃው ዛሬ ካልደረሰ የሚል ነጋዴ አለበት። እኛም አለንበት። ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስንጓዝ በአዋሽ በኩል የምናልፍ ብዙዎች ነን። ሌሊቱን ነድቶ ያደረሰንን ነጂ፣ ንግሡ እንደ ተፈጸመ ያለ ዕረፍት ተነሥ፣ ሥራ አለብን ብለን ስንቸኩለው፣ በስለት የሄድንበትን መንገድ በሰው ነፍስ ላይ እንወራረድበታለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በጐዳና ላይ የፈሰሰ ግን የሚለቀም አይደለም።

ሕጉ አልጐደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በየ7 ቀኑም ሳይቋረጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት እንዲሰጥ አዝዟል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰንበት የተሠራው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬውና ለአህያውም ጭምር መሆኑን ከሕፃንነታችን ተምረናል። ለበሬ የተፈቀደውን ዕረፍት ለባቡርና ለመኪና ነጂ መንሣት እንዴት ይገባል? ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አለን፤ በአዲስ አበባም ከመስከረም 2008 ዓ. ም. ጀምሮ የከተማ ባቡር ተዘርግቷል። ነጂው ምላሽ ካልሰጠ ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያም ተፈልስፏል። ነገር ግን ያንቀላፋ ሰው እግሩን በፔዳሉ ላይ እንደ ጣለ ሊቀር ይችላልና፣ መሣሪያ የእንቅልፍ ምትክ አይሆንም።

ቤተ ሰብስ ምን ያድርግ? ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛ አባት ወይም ወንድም ቤቱ የሌሊት ያህል ጸጥ ይበልለት። ልጆች በደጅ ይጫወቱ፤ መስኮቱ ይጋረድ፤ ቡናው በጎረቤት ይፈላ፤ ስልኩም ከአጠገቡ ይወሰድ። ለቅሶና ማኅበር ሲኖር በዕለቱ መንገድ ያለበትን ሰው ዕድሩ ይቅር ይበለው፤ ሌላው ዘመድ ስለ እርሱ ይቁምለት። በእንቅልፉ በኃይል የሚያንኰራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ይህን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅለት የለምና ወደ ሐኪም ትምራው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ ነጂውን ነቅቶ የማድረሱ ሸክም በእርሱ ጫንቃ ላይ ብቻ ሲጣል ይከብዳል፤ ለሁላችን ሲከፋፈል ግን ይቀላል።

በሚመጣው ጊዜ ለጕዞ መኪና ስንከራይም ስለ ዋጋው ከመነጋገራችን በፊት ነጂውን በትሕትና አንድ ነገር እንጠይቀው፦ «ወንድማችን፣ ትናንት ሌሊት ስንት ሰዓት ተኙ?» መልሱ ጥቂት ከሆነ ጕዞውን ለነገ እናሳድረው፤ እርሱም ይተኛ።