የሚመታ ልብ ሁሉ የሕይወት ምስክር አይደለም

በቶሮንቶ ሆስፒታል ሐኪሙ «አንጎሉ ሞቷል» ሲል፣ ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ «ልቡ እየመታ እንዴት ይሆናል?» ብለው ይሞግታሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግምቱ ግን ስሕተት ነው። ልብ የራሱ የኤሌክትሪክ ምት አመንጪ ስላለው፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ኦክስጅን እስካቀረበለት ድረስ ያለ አንጎል ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ ይመታል። ራሱን የሳተ ሰው ሊነቃ ይችላል፤ አንጎሉ የሞተ ግን አይመለስም። የኦንታርዮ ፍርድ ቤትም በ2018 እ.ኤ.አ. ይህ በሕግ ሞት መሆኑን አጽንቷል። በ1983 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል የተሳካው የሳንባ ንቅለ ተከላም ከሟች በተገኘ ሳንባ የተከናወነ ነው። መርዶን በጥንቃቄ ማርዳት የምናውቅ ሕዝብ፣ በጤናችን ሳለን ስለ ሞታችን መነጋገርንም ልንለምድ ይገባል፤ የውሳኔው ሸክም በጭንቅ ሰዓት በቤተሰብ ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም።