ሊማሊሞን የሚሻገር ሸቀጥ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ መንገደኛ ጋቢ ተከናንቦ ይጀምርና ዛሪማ ሲደርስ ላቡን ይጠርጋል። መኪና ከመምጣቱ በፊት ይህ አቅጣጫ የጎንደር ነጋዴ ወደ ምፅዋ የሚወርድበት ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ነጋዴ የሚጭነውን ሲመርጥ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ይኸውም ገደሉን ተሻግሮ፣ በየበሩ ቀረጥ ተከፍሎበት ትርፍ የሚያስገኘው ሸክሙ የቀለለ፣ ዋጋው የከበደ ዕቃ መሆኑን ነው። ወርቅና በቀንድ የሚያዝ ዝባድ የተመረጡት ስለዚህ ነበር።

ይህን ያነሣነው ለትዝታ ያህል አይደለም። የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የሚረዱ መሣሪያዎችን የሚሠሩ ጀማሪ ኩባንያዎች፣ በዛሬው አነጋገር ስታርታፖች፣ ወደ ውጭ ገበያ እንዲወጡ ይረዱ ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። ነገር ግን ምን ተሸክመው ይውጡ? የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

ምርት የተባለውን የእንጀራ ምድጃ እንመልከት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የተቀረጸው ይህ ምድጃ ሲሚንቶን ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር በመደባለቅ፣ በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቆጥባል። በስሜን ተራሮች ግርጌ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ለምትውል እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ምድጃው ራሱ ከባድ ነው፤ ሲጫንም ይሰበራል። ከጎንደር ተጭኖ ዛሪማ ለመድረስ የተቸገረ ዕቃ እንደምን አድርጎ ካርቱም ወይም ናይሮቢ ይገባል?

እንግዲህ ተሻጋሪው ዕቃው ሳይሆን ዕውቀቱ ነው ማለት ነው። ለዚህ ማስረጃው ከየቤታችን አይርቅም። ላቀች የምንለው የከሰል ምድጃ የተወሰደው ከኬንያው ጂኮ ነው፤ የኬንያው ጂኮ ደግሞ ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ትምህርት ወስዷል። ከታይላንድ በመርከብ የመጣ ምድጃ ግን የለም፤ የመጣው የሸክላው ቅርጽና የአሠራሩ ብልሃት ነው።

በአዲስ አበባ ፋብሪካ ያለው ኩቢክም ወደዚሁ ያዘነበለ ይመስላል። በአቶ ቅዱስ አስፋውና በባልደረባው የተመሠረተው ይህ ድርጅት የፕላስቲክ ቆሻሻን ወደ ግንባታ ጡብ ይለውጣል። በ2016 ዓ.ም. ተጨማሪ ገንዘብ ከባለሀብቶች ባገኘ ጊዜ ያስታወቀው እቅድ፣ ቴክኖሎጂውን በፈቃድ ለሌሎች አገሮች አምራቾች መስጠት ነበር። ጡቡ በየአገሩ ቆሻሻ ይሠራል፤ ድንበር የሚሻገረው ውሉ ነው።

ዕውቀት በውል የሚሸጠው ግን ሲመዘን ነው። የምድጃን የጭስ ቅነሳ በካርቦን ገበያ መሸጥ ለጥቂት ዓመታት ቀላል መስሎ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 የወጣ ጥናት ግን፣ በተመረመሩት የምድጃ ፕሮጀክቶች ለገበያ የቀረበው የካርቦን መጠን በእውነት ከተቀነሰው በአማካይ ዘጠኝ እጥፍ ያህል የተጋነነ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ገዢው ቃል ሳይሆን ልኬት ይጠይቃል። የዛሬው ዝባድ ይህ የልኬት ወረቀት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልዩ ችግር ያጋጥመዋል። ምድጃን ለመፈተን በዓለም ላይ ለብዙ ዘመን የተለመደው ዘዴ ድስት ጥዶ ውኃ ማፍላት ነው። ምጣድ ግን ውኃ አይፈላበትም! እንጀራ የሚፈልገው እሳቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲደርስ ነው፤ ስለዚህ በተመዘነ ሊጥና በተመዘነ እንጨት እየጋገሩ መለካት ያስፈልጋል። የዚህን ፈተና ደንብ ጋገራ የሚያውቅ ካልጻፈው ማን ይጽፍልናል? ገበያ የለም እንዳይባል፣ በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ የሚጋግሩት ለኖርዌዮች ቂጣ፣ ለሌፍሳ፣ በተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የምጣድ ባለቤቶች እኛ ሆነን ሳለ ሻጩ የቂጣው ባለቤት ሆነ።

ወጣቱ ሹም ስለ እርዳታ ሲያስብ የኤግዚቢሽን ጉዞ ቀድሞ ቢታየው አንፈርድበትም፤ ፎቶግራፍ አለው፣ ሪፖርትም ይሞላል። በእኛ አስተያየት ግን ከዚያ ገንዘብ ከፊሉ ለፈተናና ለምዝገባ ቢውል ይሻላል። የፈጠራ መብት በየአገሩ ለየብቻ የሚጠበቅ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 123 መሠረት አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ ፓተንት በናይሮቢ አያስጠብቅም። እዚያ ለማስመዝገብ የውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ለትንሹ ድርጅት በብር ሲሰላ እጅግ ከብዷል፤ ድጋፍ የሚያሻውም በዚህ ነው።

ስፍራውን በሚመለከት ለጎንደር ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ደባርቅ ብርድ ነው፤ ዛሪማ ቆላ ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ቁልቁለት ነው። በደጋው የባሕር ዛፍ፣ በቆላው የግራር እንጨት ይነዳል፤ በላይ የጤፍ፣ በታች የማሽላ እንጀራ ይጋገራል። አንድ ምድጃ በሁለቱም ስፍራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈትኖ ቁጥሩ ቢጻፍ፣ የማሽላው ውጤት የማሽላ ኪስራ ለሚጋግረው ለሱዳን፣ ጦርነቱ ሲያበቃ፣ የጤፉ ውጤት ለአሥመራና ለዋሽንግተን ገዢ ይቀርባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ የጭስ መለኪያ፣ መዝገብ፣ እንዲሁም የቀን ውሎዋ በአግባቡ የሚከፈላት ጋጋሪ ከደባርቅ አንዲት፣ ከዛሪማ አንዲት ነው።