ዳች ሐሳቡ ጥሩ ነበር?



በወጣቶቻችን መካከል ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሣ ስም አለ፤ ዳች ቫን ደር ሊንድ። ሰባኪ እንዳይመስላችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ያለ የሽፍቶች አለቃ ነው። ጌሙ ለአዋቂ የተሠራና ደም የበዛበት ነው፤ ወላጆች ልጆቻችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተው ምን እንደሚጫወቱ ብትጠይቁ አይከፋም። ዛሬ የያዘን ግን ክርክራቸው ነው፦ «ዳች እኮ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዓለም ነው ያበላሸው» ይላሉ።

ግማሹ እውነት ነው። ታሪኩ በ1899 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። ባለጠጎች ሕጉን በገንዘባቸው ይጠመዝዙታል፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከመሬቱ ይፈናቀላል። ዳች መጠጊያ ያጡትን ይሰበስባል። አርተር ሞርጋንን ከልጅነቱ አንሥቶ እንደ ልጁ አሳድጎታል። በሰፈሩ ጥቁሩም ነጩም ከአንድ ድስት ይበላል። ይህን ሁሉ ከንቱ ነው ብለን ብናጣጥል ለልጆቻችን መልስ አልሰጠንም። ነቢዩ አሞጽም ድሃ ሲረገጥ አይቶ ዝም አላለም።

ነገር ግን ዳች ዕቅድ አለኝ፣ እመኑኝ ባለ ቁጥር የሚሞተው ሌላ ሰው ነው። ለነባሩ ሕዝብ የተቆረቆረ መስሎ የወጣቶቻቸውን ቁጣ አራገበ፤ ዓላማው ግን ወታደሩ በእነርሱ ተጠምዶ ለእርሱ መንገድ እንዲከፈትለት ነበር። ልጄ ያለውን አርተርንም ሊሞት ሲል እያየ ጥሎት ሄደ። የጠየቀው ሁሉ ከሃዲ ተባለ። ስለዚህ «ሐሳቡ ጥሩ፣ መንገዱ ብቻ መጥፎ» በሚለው አንስማማም። ዳች ነጻነት ሲል እርሱን «ተው» የሚለው የሌለበትን ኑሮ ማለቱ ነበር። ጉድለቱ ከሐሳቡ ጀምሮ ነው።

የጌሙ ስም ውስጥ ያለው «ሪደምፕሽን» ቤዛነት ማለት ነው። ቤዛ ደግሞ ራሱ ይከፍላል እንጂ ሌላውን አያስከፍልም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ሊይዙት ለመጡት እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ሰጠ፤ ደቀ መዛሙርቱን ግን እንዲተዉአቸው ጠየቀ።

እኛ የጅጅጋ ሰዎች ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። በመስከረም 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሶማሌን ሁሉ በአንድ ባንዲራ ሥር እሰበስባለሁ ብሎ ከተማችንን ያዘ። በየካቲት መጨረሻ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር መልሶ ያዛት። ሁለቱም ለሕዝቡ ሲሉ የመጡ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ድንበር ተሻግሮ ተሰደደ። ደርግም ሲነሣ ያለምንም ደም ብሎ ነበር። በየካቲት 1967 መሬትን ከባላባት መውሰዱ ብዙ ጭሰኛ ያስደሰተ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ከዚያ በፊት ግን በኅዳር ስልሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሽኖ ነበር። በሐምሌ 1971 የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ፤ እርሳቸው ደግሞ ወንጌል ለሥጋም ለነፍስም ነው ብለው ስለ ድሃው ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ነበሩ።

በ2ኛ ሳሙኤል 21 ያለውን ታሪክ ለወጣቶቻችን የምናነብበው ለዚህ ነው። ንጉሥ ሳኦል ገባዖናውያንን የፈጀው ለሕዝቡ ቀንቶ እንደ ሆነ መጽሐፉ አይደብቅም። ገባዖናውያን ግን በኢያሱ ዘመን በመሐላ ከእስራኤል ጋር የኖሩ የሌላ ወገን ሰዎች ነበሩ። ሳኦል ከሞተ በኋላ ምድሪቱ ሦስት ዓመት ተራበች፤ ከዘሩም ሰባት ሰዎች ተሰቀሉ። ከሰባቱ የሁለቱ እናት ሪጽፋ በዓለት ላይ ማቅ አነጠፈች። ከመከር ጊዜ ጀምሮ ዝናብ እስኪጥል ድረስ፣ ቀን አሞራውን ሌሊት አውሬውን ከልጆቿ ሬሳ ስትከላከል ኖረች።