በመሳቢያ ውስጥ የቀሩ መጻሕፍት

ሙያዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መልሴ ሁለት ነው። ስምንት ዓመት በማተሚያ ቤት ጽሑፍ ስለቅምና ገጽ ሳቀናብር ኖሬአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ብዙዎች ይህን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እንደ መሰደድ ይቆጥሩታል። እኔ ግን በሁለቱም ቦታ ሥራው አንድ ሆኖብኛል፤ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ተቀብሎ ለአንባቢ እንዲደርስ አድርጎ መደርደር። ዛሬ የማነሣው በሁለቱ ሙያዎች መካከል ወድቆ ባለቤት ያጣውን ነገር ነው፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኮምፒዩተር ተለቅመው የታተሙትን የአማርኛ መጻሕፍት ፋይሎች።

ወደ ማተሚያ ቤት የገባሁት በ1989 ዓ.ም. ነበር። ከእርሳስ ፊደል ዘመን የተረፉ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አራሚ ነበሩን። በወጣትነታቸው ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ እያንዳንዷን ፊደል ከሣጥን በጣታቸው እያነሡ መስመር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ታትሞ ሲያልቅ ፊደሉ ፈርሶ ወደየቦታው ይመለስ እንደነበር ያጫውቱን ነበር። ያው እርሳስ ነገ የሌላ ሰው መጽሐፍ ይሆናል። በዚያ ዘመን ከኅትመት በኋላ ከወረቀቱ በቀር የሚተርፍ እንደሌለ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም ወረቀቱን ይጠብቁ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ «ዲስክ ላይ አለ» የሚል አዲስ አነጋገር መጣ፤ ደራሲውም አሳታሚውም በዚህች ቃል ተማምነው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ዲስኩ ላይ የነበረው ግን አማርኛ አልነበረም። አባባሉ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ ላስረዳ። የዚያን ጊዜ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ውስጥ በርከት ያለው ለኮምፒዩተሩ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩበት ጨርሶ አይገባም። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ በየራሳቸው ብልሃት ሄዱ። አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግንዱን ከቅጥሉ ለይቶ በቁርጥራጭ ገጣጠመው፤ ቀድሞ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያደርግ እንደነበረው ማለት ነው። ብልሃታቸውን አደንቃለሁ፤ ያለ እነርሱ የዚያ ዘመን ጋዜጦችና መጽሔቶች ብርሃን ባላዩም ነበር። ሆኖም ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ የቅንፍ፣ የነጥብና የባዕድ ፊደል ክምር ሆኖ ይቀራል።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ፊደላችንን ሲያካትት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር አገኘ። (ቁጥሮቹ በሀ ሁ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው፤ ለአብዛኛው ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ስምንተኛዋ እንደ ሏ ላሉት ናት። የኔታ ቢያዩት የራሳቸውን ገበታ ባወቁት ነበር።) ተጠቃሚው ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው፤ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኔ ወደ ድረ ገጽ የተዛወርሁት በ1997 ዓ.ም. ነበርና የመካከሉን ግራ መጋባት በዓይኔ አይቻለሁ። ገሚሱ የአማርኛ ገጽ «በቅድሚያ ይህን ፎንት ይጫኑ» ይላል፤ ገሚሱ ጽሑፉን እንደ ሥዕል ይለጥፋል። ሥዕሉ ይነበባል እንጂ ተፈልጎ አይገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገጣሚ ወደ እኔ መጣ። በራሱ ገንዘብ ያሳተመው መድበል አልቆ፣ በእጁ የቀረው ጠርዙ የተበላ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ፋይሉን ካሳተመበት ቤት እንዲጠይቅ ነገርሁት። «አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ተሸጠዋል፤ ዲስኮቹም የት እንደገቡ አይታወቅም» የሚል መልስ ይዞ ተመለሰ። የተቆጣ እንኳ አይመስልም ነበር፤ እኔን ያስከፋኝ ይኸው ነው።

ሌላ ጊዜ የአንድ ሟች ደራሲ ልጅ ስድስት ፍሎፒ ዲስክ አመጣች፤ ሁለቱ ተከፈቱ። የታተመውን መጽሐፍ ከፋይሉ አጠገብ ዘርግቼ፣ ይህ ምልክት ሀ ነው፣ ይህ ቁርጥራጭ ከዚያኛው ጋር ሲሆን ሁ ነው እያልሁ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሠንጠረዡ ሳምንታት ፈጀ፤ ካለቀ በኋላ ግን ፕሮግራሙ መጽሐፉን ወደ ዩኒኮድ የገለበጠው በአንድ አፍታ ነው። አንድ ፎንት አንድ ጊዜ ከተፈታ በዚያው ፎንት የተለቀመው መጽሐፍ ሁሉ ተፈታ ማለት ነው። ይህን ሥራ ፕሮግራም ብቻ የሚያውቅ ወጣት ለብቻው አይወጣውም፤ የአሮጌውን ፎንት አጻጻፍ በጣቱ የሚያውቅ ለቃሚ ደግሞ ፕሮግራም አይጽፍም። ለቃሚዎቹም እያረጁ ናቸው።

«ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ በኮምፒዩተር ማስነበብ ይቻላል» የሚሉኝ አሉ። ይቻላል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን በደበዘዘ ኅትመት ላይ ለን ከሰ፣ ጸን ከጰ ያምታታል፤ በግጥም ውስጥ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ቤቱ ይፈርሳል፤ እንደ ጋሼ ያለ አራሚም እንደገና መቀመጥ አለበት። ዋናው ፋይል ካለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ደራሲ ከማተሚያ ቤት ጋር ሲዋዋል፣ የመጨረሻው የታረመ ፋይል በዩኒኮድ እንዲሰጠው በውሉ ላይ ያስጽፍ። የለቀማውን ዋጋ የከፈለው እርሱ ነውና ልመና አይደለም። ወመዘክርም የታተመውን ቅጂ ሲረከብ ፋይሉን አብሮ መጠየቅ ይገባዋል። አሳታሚዎች የሚያነሡት ሥጋት አለ፤ ፋይሉ ከወጣ በማግሥቱ በቴሌግራም ይበተናል ይላሉ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ሥርቆቱም እውነት ነው። ነገር ግን እስካሁን ያየኋቸው የተሰረቁ መጻሕፍት ከወረቀቱ ገጽ በገጽ ፎቶ የተነሡ ናቸው። ሌባው ፋይል አላስፈለገውም፤ ፋይሉን ያጣው ደራሲው ነው።

ውድ አንባብያን፣ በመሳቢያችሁ አሮጌ ዲስክ ያላችሁ እንደሆነ ሳትጥሉት አንድ ነገር አድርጉ። የተለቀመበትን ፎንት ስም የሚያስታውስ ሰው ሳይጠፋ ጠይቁ፤ ስሙንም በወረቀት ጽፋችሁ ከታተመው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ጋር በአንድ ፖስታ አኑሩት። ሠንጠረዥ የሚሠራው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ሁለቱን ነው።