ከሐኪሙ በፊት የሚደርሰው ሰው

ስለ አንድ ትንሽ ከተማ ጤና በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው «ሐኪም አለ ወይ?» ተብሎ ነው። ሐኪም ካለ ከተማው እንደ ታደለ፥ ከሌለ ደግሞ እንደ ተረሳ ይቈጠራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የታመመ ሰው ሐኪም ያሻዋልና። ነገር ግን ከዚህ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የከተማው ሕዝብ እንዳይታመም የሚደክመው ማን ነው?» የሚለው ነው። ዛሬ ልንነጋገር የፈለግነው ስለዚህ ሰውና ስለሚሠራበት ቤት፥ ማለት ስለ ትንሽ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው።

ይህ ጽሕፈት ቤት ለዓይን የሚሞላ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ክፍሎች፥ አንድ የክትባት ማቀዝቀዣና በወረቀት የተሞላ ቁም ሣጥን ነው። ሥራው ግን ከቤቱ እጅግ ይሰፋል። ባለሙያው ማለዳ ተነሥቶ የምንጩንና የጕድጓዱን ውሃ ያያል፤ የመጠጥ ውሃ ጕድጓድ ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን፥ ከበላዩም በኩል መሆኑን ይመለከታል፤ ክሎሪን የሚያስፈልገው እንደ ሆነም ያስጨምራል። ከዚያ ወደ ሻይ ቤቱና ወደ ምግብ ቤቱ ይዘልቃል። የሃምሳ ሰው ብርጭቆ በአንድ ሳፋ ውሃ ሲነከር ቢያገኝ ይገሥጻል፤ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ የጤና ምርመራ ማድረጓን ይጠይቃል። በገበያ ቀን ከየገጠሩ ለሚጐርፈው ሕዝብ መጸዳጃ ቤት መኖሩንና መጽዳቱን መከታተልም የዚሁ ሰው ፈንታ ነው።

የክትባትን ነገር ለምሳሌ እንውሰድ። ሕፃን እንደ ተወለደ፥ ከዚያም በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፥ የኩፍኝንም በ9 ወሩ መከተብ አለበት። ክትባት ግን እንደ ሌላው መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ የሚቈይ አይደለም። ከመጋዘን ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀበሌው ጤና ኬላ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ ይገባዋል። መብራት ሲጠፋ በረዶ የሚያዘጋጅ፥ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ጧትና ማታ የሚመዘግብ፥ በብልቃጡ ክብ ምልክት ውስጥ ያለችው ነጣ ያለች አራት ማዕዘን ስትጠቍር አይቶ ክትባቱን የሚያስወግድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ቸል ያለ እንደ ሆነ፥ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጕዛ የመጣች እናት ልጇን አስከትባ ደስ ብሏት ትመለሳለች፤ ልጁ ግን እንዳልተከተበ ነው። ከዚህ የከፋ ጕዳት ምን አለ?

ይህ አሠራር በአገራችን ትናንት የመጣ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ ዓላማ ጥበብ ያለበት ነበር፤ ይኸውም የጤና መኮንኑን፥ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን አብሮ አስተምሮ፥ በመስክም አብሮ አለማምዶ፥ በአንድነት ወደ ትንንሽ ከተሞች መላክ ነው። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል ወባ እንደገና ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው መታመሙና 150,000 ያህሉ መሞቱ ይገመታል፤ ያለ መከላከል የሚከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነው። በአንጻሩ ደግሞ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በኢትዮጵያ የታየው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ነው። ፈንጣጣን ከምድራችን ያጠፋው ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ የጠበቀ ሰው ሳይሆን፥ ተራራ እየወጣ ሸለቆ እየወረደ ከቤት ቤት የዞረው ከታቢ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህም ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመድበዋል። እነዚህ እኅቶቻችን የያዙት የዚያኑ ከታቢ መንገድ ነው።

ታዲያ ሥራው ይህን ያህል ከከበረ ሠራተኛው ስለ ምን አልተከበረም? ምክንያቱ ግልጽ ነው ብለን እናምናለን። የዳነ በሽተኛ አመስጋኝ ነው፤ ያልታመመ ሰው ግን ማንን ያመሰግናል? ያልተነሣ ወረርሽኝ በፎቶግራፍ አይታይም፥ ለምርቃትም ሪባን አይቈረጥለትም። ስለዚህ በጀት ሲደለደል የአዳራሹ ጥገናና የግቢው አጥር ይቀድማሉ፤ የማቀዝቀዣው መለዋወጫና የባለሙያው የመስክ አበል ለከርሞ ይተላለፋሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት መዞሯን ትታ ለስብሰባና ለሌላ ዘመቻ የምትጠራበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

«ሕዝቡ ራሱ ምክር አይሰማም» የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚመጣለት ሰው «እጅህን ታጠብ» ማለት ምክር ሳይሆን ተግሣጽ ነው። ውሃው ከመጣለት በኋላ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ያን ጊዜ እንውቀሰው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን የሪፖርቱ ነገር ነው። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ትልቁ መሣሪያ መርፌው አይደለም፤ በየሳምንቱ የበሽታዎችን ቍጥር የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ከአንድ መንደር በአንድ ሳምንት ሦስት ሰዎች በኃይለኛ ተቅማጥ ሲመጡ፥ ለሌላው ሰው ሦስት በሽተኞች ናቸው፤ ለእርሱ ግን አንድ የተበከለ ምንጭ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ቍጥር አለቃን ላለማስከፋት ብሎ ያሳነሰ፥ ወይም ኮሌራን በኮሌራነቱ ከመጥራት ያፈረ ሹም፥ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበትን ሰዓት አሳልፏል። የከተማን ስም የሚያጐድፈው በሽታው መታወቁ ሳይሆን ተደብቆ መስፋቱ ነው።

እንግዲህ በየወረዳው ወንበር ላይ የተቀመጥህ ወጣት ሹም ሆይ፥ የበጀቱ ጠረጴዛ ላይ ስትቀርብ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የከተማው ውሃ መቼ ተመረመረ? የክትባቱ ማቀዝቀዣ መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? ያለፈው ሳምንት የበሽታ ሪፖርት ምን ይላል? መልስ ካጣህ አዳራሹ ይቈይ። አንተም ተማሪ፥ አንቺም ተማሪ፥ ወደ ትንሽ ከተማ የተመደበ ምሩቅ ሁሉ ዕድለ ቢስ ነው የሚለውን ወሬ አትመኑ። በትልቁ ሆስፒታል ሐኪሙ በቀን ጥቂት ሰዎችን ያድን ይሆናል፤ አንድ ምንጭ ያጸዳ ባለሙያ ግን ስሙን የማያውቅ መንደር ሙሉ ሕዝብ በጤና ያሳድራል። አገር የሚያስፈልጋት ሁለቱም ናቸው፤ እስከ ዛሬ በክብር የተበደለው ግን ሁለተኛው ነው።