«በሞቴ» እያሉ ስለ መግደል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እንግዳን አብልቶና አጠጥቶ መሸኘት የአገራችን የቆየ ክብር ነው፤ ይህንም የሚነቅፍ የለም። ዳሩ ግን የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው «በሞቴ» እያሉ መለኪያ ማስጨበጥ ክብር አይደለም። የሚሞተው የማለው ሰው ሳይሆን የተጋበዘው ነውና።

በፎገራ ሜዳ፥ በርብና በጉማራ ወንዞች አካባቢ የሚታጨደው ሩዝ ለእንጀራ ብቻ ሳይሆን ለጠላና ለአረቄም ይውላል። ወረታ ገበያ ውሎ የሚመለስ ሰው ከወዳጁ ጋር አንድ ሁለት ሳይል አይለያይም። በዚህም ጊዜ ሁለት ማሳሳቻዎች ይነገራሉ።

መጀመሪያው «አረቄ ስኳር የለበትምና የስኳር በሽተኛን አይጎዳም» የሚለው ነው። ሰው ሳይበላ ሲቆይ ጉበቱ ስኳር ወደ ደም እየለቀቀ ይጠብቀዋል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበት እርሱን በማስወገድ ይጠመድና አዲስ ስኳር መሥራቱን ያጓድላል። እንግዲህ ኢንሱሊን የተወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የዋጠ ሰው በባዶ ሆዱ ቢጠጣ፥ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ከሰዓታት በኋላ፥ ሌሊት ተኝቶ ሳለ እንኳ ይደርሳል። ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ የልቡም ምት ሊዛባ ይችላል። መንገደኛው ግን «ሰክሯል» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው «ትንሽ መጠጥ ልብን ያጠነክራል» የሚለው ነው። ይህ የመሸታ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት የሚጠጡ ሰዎች፥ የስኳር ሕመምተኞችም ሳይቀሩ፥ ከማይጠጡት ይልቅ በልብ በሽታ ያነሰ መያዛቸውን የገለጡ ጥናቶች ነበሩ። ነገር ግን ከማይጠጡት መካከል ታመው መጠጥ የተዉ አሉባቸው፤ በልክ የሚጠጡትም ብዙ ጊዜ ኑሮአቸው የተሻለ ነው። ታዲያ ጤናው የመጠጡ ነው ወይስ የኑሮው? በ2011 ዓ.ም. በላንሴት መጽሔት የታተመ፥ ከ500,000 በላይ ቻይናውያንን የተከታተለ ጥናት፥ የከፊሎቹን የዘር ውርስ ምልክት መርምሮ፥ መጠጥ በጨመረ ቁጥር የደም ግፊትና ስትሮክ እንደሚጨምሩ፥ በልክ መጠጣትም ከስትሮክ እንደማያድን አሳየ። የስኳር በሽታ ያለ መጠጥም ቢሆን የደም ሥርን ይጎዳል። በዚያ ላይ ግፊትንና የደም ስብን የሚጨምር፥ ሲዘወተርም የልብን ጡንቻ የሚያደክም ነገር ማከል በሚነድ ቤት ላይ ጭድ መወርወር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላም መጠጥ እንዳይሸጥ አዘዘ። ሆኖም አዋጅ ድግስ ዳስ ውስጥ ገብቶ አይቀዳም፤ የምትቀዳው አንተ ነህ።

ስለዚህ እንግዳህ «ይቅርብኝ» ሲልህ አንድ ጊዜ ይብቃህ። ስኳር የሌለበት ቡና ወይም ንጹሕ ውኃ አቅርብለት፤ ምግቡንም አታዘግይበት። ስኳር እንዳለበት የምታውቀው ሰው አልቦት ሲንገዳገድ ብታይ አትሣቅበት፤ መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አጠጣው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታገባ ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥነህ አድርሰው። ለሰው በሞትህ ከምትምልለት በሕይወቱ ብትራራለት ይሻላል።